ስለ ዳኛ እንጀራ

የአገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል። በቅሎ በቀድሞ ዘመን የአንድ ባላገር ትልቋ ሀብቱና ክብሩ ነበረች፤ ጭብጦ ግን ለመንገድ ስንቅ በእጅ ተጨብጣ የምትጋገር ቁራሽ ናት። እንግዲህ ይህ ሰው ትልቁን ሀብቱን ዳኛ ፈርዶ ቢወስድበት ችሎ ይቀመጣል፤ ቁራሹን ጉልበተኛ ቢነጥቀው ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚህ የበለጠ ፍርድ ወዳድ ሕዝብ ከወዴት ይገኛል? ልጅ ሳለሁ በገበያ መካከል ሁለት ጎልማሶች ዱላ ተማዘው፣ አንዲት አሮጊት «በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮህ፣ የተነሣው ዱላ ባየር ላይ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። አሮጊቷ ዘበኛ አልነበረችም፤ ጠመንጃም አልያዘችም። የያዘችው ያንን ቃል ብቻ ነበር።

ዛሬ ያ ቃል ኃይሉ እየደከመ የሄደ ይመስለኛል። በቅርቡ አንድ ወጣት፣ ማንበብና መጻፍ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ከእርሻ ጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልቶ ሊያማክረኝ መጣ። «ክሰስ እንጂ ልጄ» ብለው ሳቀብኝ። «መምህር፣ ከሦስት ዓመት ቀጠሮ አንድ ጥይት ይቀላል» አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ ልተወው አሰብሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረበትም። በእኛ አገር ደም አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በአንድ ሰው እንደማይቆም፣ ወንድም ለወንድሙ፣ ልጅ ላባቱ እየተነሣ ሁለት ቤት እንደሚያጠፋ የማያውቅ የለም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ልጅና ለመሰሎቹ ነው።

የዚህ ልጅ ተስፋ መቁረጥ ከምን መጣ ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ሁሉም ባንድ አፍ «ዳኞች ጉቦኞች ሆኑ» ይላል። ሰባኪው ይህን ይሰብካል፤ ጠላ ቤት የተቀመጠው ይህን ያወራል፤ እንደ እኔ ያለ የሥነ ምግባር ጸሐፊም «ዳኛ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ፍራ» እያለ ወረቀት ይጨርሳል። እኔ ግን ይህ የሰነፍ መልስ ነው እላለሁ። ጉቦኛ ዳኛ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወጣ ሕዝብ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ነገር ግን ጣታችንን በጉቦኛው ላይ ብቻ ስንቀስር፣ ጉቦ የማይበላው ዳኛ በማን ወንበር ተቀምጦ፣ በማን ወረቀት ጽፎ፣ ከማን እጅ ተቀብሎ እንደሚኖር ሳንጠይቅ እንቀራለን። የእኔ ክርክር አንዲት ናት፤ ይኸውም አስተዳዳሪውን እየለመነ የሚኖር ፍርድ ቤት፣ ዳኞቹ ሁሉ ቅዱሳን ቢሆኑ እንኳ፣ አስተዳዳሪውን ሊዳኝ አይችልም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የናቡቴን ታሪክ ያስተማሩን መምህር የክፋቱን ሁሉ ሸክም በንግሥቲቱ በኤልዛቤል ላይ ጭነው ያልፉ ነበር። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት እንዳለው ነው። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም ያባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ፤ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በንጉሡ ማኅተም አትማ፣ ለከተማይቱ ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች ላከች፤ እነርሱም ሁለት የሐሰት ምስክሮች አቁመው ናቡቴን በድንጋይ አስወገሩት። እኔ ራሴ አስተማሪ ከሆንሁ ወዲህ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምታስጨንቀኝ ኤልዛቤል አይደለችም። እርስዋማ በየዘመኑ አለች። የሚያስጨንቁኝ እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸው። ናቡቴ ያገራቸው ሰው ነበር፤ ቤተሰቡን ያውቃሉ፤ ንጹሕ መሆኑንም ያውቃሉ። ጉቦ በሉ የሚል ቃል በታሪኩ ውስጥ የለም። ችሎት ተቀመጡ፤ ምስክር ሰሙ፤ ሥርዓቱን ሁሉ ፈጸሙ። የጐደላቸው ማኅተሙን አይተው «ይህ ደብዳቤ እኛን አያዘንም» ለማለት የሚያስችል አቅም ነበር።

በአገራችን ዳኛ የሚበላውን ከማን ሲያገኝ ኖረ? በቀድሞ ዘመን ዳኛ ደመወዝ አልነበረውም። ተሟጋቾች በክርክራቸው መካከል በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው ወገን ውርርዱን ይከፍላል፤ ዳኛውም ከዚያ ይኖራል። ስለዚህ ነገሩ በበዛ ቁጥር የዳኛው ማድጋ ማር ይሞላ ነበር። የ«በላ ልበልሃ»ን ለዛ፣ የተሟጋቹን አንደበትና የከዘራውን አያያዝ ዛሬ ብዙ ሰው በናፍቆት ያነሣዋል፤ እኔም አልጠላውም፤ ነገር ግን ለዛውን ስናነሣ ማሩን አንርሳ።

እጅግ የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው። አባቶቻችን ሳይለምን መኖር የሚገባው ነገር የራሱ መተዳደሪያ እንደሚያስፈልገው አጥብቀው ያውቁ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን መሬት ይሰጡ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ የጋራ ሀብት እስኪሆን ድረስ መሬት የነበረው ደብር ጧፉንና ዕጣኑን ከገዥው ደጅ ሳይጠና ያገኝ ነበር። ገበዝ የሚባለው ሹመትም፣ በገበዝ ማርያም ስም ውስጥ የሚገኘው ይኸው ቃል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ቤተ መቅደሱ ገበዝ አለው፤ ለችሎቱ ግን ገበዝ የሾመለት የለም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ ዳኝነትም መሥሪያ ቤት አገኘ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ደልድሎ አቆመ። ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን በጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሆኖ የሚቀመጠው ገዥው ራሱ ነበረ። ግብር የሚያስከፍለው እርሱ፣ ነጭ ለባሹን የሚያዘው እርሱ፣ ፍርድ የሚሰጠውም እርሱ! በገዥው ሰዎች የተበደለ ገበሬ ለማን ይጩህ? የቻለ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለዙፋን ችሎት ይጮኻል፤ ከደብረ ማርቆስ ብቻ እንኳ ቢነሣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያልቻለ ቤቱ ተቀምጦ ያለቅሳል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ ጥይቱን አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ግብሩን ከሚተምነው ሹም ሌላ «ተሳስተሃል» የሚለው ዳኛ ባጠገቡ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ዱር ይገባ ነበርን? እኔ አይመስለኝም።

በወረቀት በኩል ግን አልደኸየንም። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች ሲፈርዱ ከሕግ በቀር ለማንም እንዳይገዙ ደነገገ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ ሊቃውንት የሚያደንቁት ሕግ ነው። ነገር ግን የሕጉ መጽሐፍ ሲታደስ የዳኛው ወንበር ካለበት አልተነቃነቀም። ከዚያ ደርግ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች፣ ከነርሱም መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ችሎት ሳይቀርቡ ተገደሉ። የናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎች እንኳ ለይምሰል ያህል ምስክር ሰምተው ነበር።

አሁን ወዳለንበት ልመለስ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶችን በሁለት ወገን አቆማቸው፤ የፌዴራልና የክልል። በፌዴራል በኩል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሉ። በእኛ በኩል ከገበዝ ማርያም የተነሣ ተሟጋች መጀመሪያ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ቢረታ በይግባኝ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይወጣል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ደግሞ ለሰበር ሰሚ ችሎት ያመለክታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለውን ፍርድ ቤት፣ የፌዴራሉንም የክልሉንም፣ እንዲያስገድድ አደረገ። የእኛ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥራ እንደሚሠሩ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እናንተ ግን እወቁት፤ አንድ ዳኛ የሁለት ቤት ሥራ ተሸክሟል ማለት ነው።

ይህ መሰላል በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሙሴ ለሕዝቡ ሁሉ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን እየፈረደ ሲደክም አማቱ ዮቶር አይቶት፣ የሺህና የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ ሹም፤ ቀላሉን ነገር እነርሱ ይፍረዱ፣ የከበደውን ወደ አንተ ያምጡ ብሎ መከረው። የእኛም መሰላል ከዚያ ምክር ብዙ አይርቅም። ችግሩ የመሰላሉ እግር ከምን ላይ እንደ ቆመ ነው።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 78 እና 79 አንብቡ፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞሉም። ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል። ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ፈቃዱ የሚነሣው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ድክመት ወይም ሕመም አለበት ብሎ ሲወስንና ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቀው ነው። ይህ መልካም ነው። ከዚያ ወደ ገንዘቡ ሲመጣ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ አዘጋጅቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ ሲፈቀድም ራሱ ያስተዳድራል ይላል። ይህም እጅግ መልካም ነው፤ ፍርድ ቤቱ በራሱ አፍ ይናገራል ማለት ነውና። ወደ ክልል ፍርድ ቤቶች ሲደርስ ግን በጀታቸውን የክልሉ ምክር ቤት ይመድባል ይልና፣ የፌዴራሉን ሥራ ደርበው ለሚሠሩት ማካካሻ እንደሚሰጥ ጨምሮ ያበቃል። በጀቱን ማን አዘጋጅቶ፣ ማን ይዞት ወደ ምክር ቤቱ ይግባ? በዚያ አንቀጽ አልተጻፈም። የአስተዳደሩ ገንዘብ ያዥ በፍርድ ቤቱና በምክር ቤቱ መካከል ገብቶ እንዳይቆም የሚከለክል ቃል በዚያ የለም። እኔ የሕግ ሊቅ አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን የተማሪ ድርሰት አርሜአለሁና አንድ ዐረፍተ ነገር የጐደለበትን ቦታ አውቃለሁ። ሰባት ሚሊዮን ሰው ይሁን ሃያ ሚሊዮን፣ የክልል ሰው አብዛኛውን ነገሩን የሚሟገተው በወረዳ እንጂ በአዲስ አበባ አይደለም። ጥበቃው ከላይ ጠንክሮ ከታች ሳሳ።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። የወረዳውን ስም አልጽፍም፤ ማወቅም አያስፈልጋችሁም። አንዲት ባልቴት፣ ባልዋ የሞተባት፣ የይዞታ ደብተር በስምዋ ያላት፣ ከመሬቷ ሩብ ያህሉን የቀበሌ ሹማምንት «ለልማት ይፈለጋል» ብለው ወስደው ኋላ ለአንዱ ዘመዳቸው እንዳከፋፈሉት ነገረችኝ። ማመልከቻ የምጽፍላት እኔ ነበርሁ፤ በገጠር የሚኖር ጡረተኛ አስተማሪ ዋና ሥራው ይኸው ነው። ፍርድ ቤት ቀረብን። ዳኛው ገና ወጣት ነበር፤ የእኔን ልጅ ያህል ነው። ነገሩን በትዕግሥት ሰማ፤ ደብተሩን አየ፤ ሹማምንቱን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ፈረደላት። ባልቴቲቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ችሎት ፖሊሱ ከለከላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን እልል የሚያሰኝ አልነበረም። ፍርዱን እንዲያስፈጽም የታዘዘው ፖሊስ አንድ ጊዜ መኪና የለም አለ፤ አንድ ጊዜ ሌላ ግዳጅ ወጥተናል አለ። ክረምት ገባ፤ ዘመድዬው በመሬቷ ላይ በቆሎ ዘራበት። አንድ ቀን ዳኛውን በመንገድ አግኝቼ «ልጄ፣ ያንተ ትእዛዝ እኮ ወረቀት ሆኖ ቀረ» አልሁት። ቆመና ወዲያና ወዲህ አየ። «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለኝ፤ «እኔ የተከራየሁባት ክፍል የማን ናት ይመስልዎታል? በዚህ ከተማ ክስ የሌለበት አከራይ ፈልጌ አጥቻለሁ። ባለፈው ወር የማባዣ ወረቀት አልቆብን ወደ አስተዳደሩ ሄጄ ስጠይቅ፣ ‹ፍርድ ቤትም ከእኛ ጋር ተባብሮ ቢሠራ ጥሩ ነበር› ብለው ሦስት ቀን አመላለሱኝ። ወረቀቱን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። የእርስዎ ባልቴት ፍርድ የተጻፈው በዚያ ወረቀት ነው።»

እስቲ ፍረዱ! ይህ ልጅ ጉቦ አልበላም፤ ይልቁንም ከደመወዙ ቀንሶ ለመንግሥት ወረቀት ገዛ። ማንም «የባልቴቷን ጉዳይ ተው» ብሎ አላዘዘውም፤ ደብዳቤም አልጻፈለትም። «ተባብሮ ቢሠራ» የምትለዋ ቃል ግን የኤልዛቤል ማኅተም ናት። በሚቀጥለው ጊዜ የቀበሌ ሹም ሲከሰስ፣ ይህ ዳኛ ፋይሉን ሲከፍት ያችን ቃል ሳያስባት ይቀራልን? ቅዱስ ቢሆን ይቀራል። እኔ ግን ለአገሬ የምመኘው ቅዱስ ባይሆን እንኳ ያለ ፍርሃት መፍረድ የሚችል ተራ ሰው ነው፤ ቅዱሳን ጥቂቶች ናቸውና።

አንዳንዱ «እንግዲያው ደመወዙን ጨምሩለት፤ ያልቅ የለም?» ይል ይሆናል። አያልቅም። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ሥዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታስረው ሳለ፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተሰየሙት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ በኋላ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የሆኑት ማለት ነው፣ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተለቀቁ፤ ወዲያው ደግሞ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞንም በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ስለ ተከሳሹ ጥፋተኛነት ወይም ንጽሕና አሁን አልከራከርም። የምለው፣ ዳኛዋ ወንበርም ወረቀትም ድፍረትም ነበራቸው፤ ትእዛዛቸውን የሚያከብር ፖሊስ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ የዳኛ እንጀራ ስል በሌማት ያለውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ፍርዱ ከችሎቱ በር ወጥቶ ባልቴቲቱ ማሳ ድረስ የሚሄድበትን እግርም ማለቴ ነው።

ከተቃዋሚዎቼ አንደኛው የቁጠባ ሰው ነው። «ፍርድ ቤት ገቢ አያስገባም፤ መንገድና ጤና ጣቢያ ይቅደም» ይለኛል። እኔም ወደ ቡሬ ውጣና እይ እለዋለሁ። በዚያ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል፤ ከገበሬው በቆሎና ስንዴ እየገዛ ይሠራል ተብሎ የታሰበ ነው። ገበሬው እህሉን ዛሬ ሰጥቶ ዋጋውን በወሩ የሚቀበለው በምን አምኖ ነው? ቢክደው የሚከስስበት ቦታ መኖሩን አምኖ አይደለምን? ዳኛ በሌለበት አገር ነጋዴ የሚገበያየው ከአጎቱ ልጅ ጋር ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ገቢ አያስገባም ማለት የወፍጮ ድንጋይ እህል አያበቅልም እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው የባህል ሰው ነው፤ «ሽማግሌ ይበቃናል» ይላል። ሽማግሌን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ እኔም በስንት ዕርቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ሽማግሌ ሁለት ጎረቤቶችን ያስታርቃል፤ ባልና ሚስት ያስማማል፤ ደም የተቃቡትንም ጉማ አስከፍሎ ያስታርቃል። ነገር ግን ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው! ደግሞስ የወረዳውን አስተዳዳሪ ከዋርካው ሥር ጠርቶ «ለባልቴቷ መሬቷን መልስ» ያለ ሽማግሌ አይታችኋልን? ሽማግሌ የሚፈርደው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው፤ ጉልበተኛው አልስማማም ካለ ሽማግሌው መቋሚያውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሦስተኛው ብልጥ ነው፤ እርሱን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። «ፍርድ ቤት የራሱ ገንዘብ ካገኘ ማን ይቆጣጠረዋል? ዳኛም ሰው ነው፤ ይታበያል» ይላል። እውነት አለው። ስለዚህ እኔ ሒሳቡ አይመርመር አላልሁም፤ ኦዲተር ይመርምረው፤ ምክር ቤቱ በግልጥ ይጠይቀው፤ ጋዜጣም ይጻፈው። ያልሁት፣ የሚቆጣጠረው በፊቱ ተከስሶ የሚቆመው ሹም አይሁን ነው። በሌላው ዓለም ይህን አስቀድመው አስበውበታል። እንግሊዞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1701 ባወጡት ሕግ ዳኛ መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ በወንበሩ እንዲጸና፣ ደመወዙም የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን አደረጉ። አሜሪካኖች በ1787 በጻፉት ሕገ መንግሥት ዳኛ በሥራው ላይ ሳለ ደመወዙ እንዳይቀነስ ከለከሉ። ኮስታ ሪካ የምትባለው ትንሽ አገርማ ከመንግሥት መደበኛ ገቢ ከመቶ ስድስት የማያንሰው ለፍርድ ቤቶች እንዲሰጥ በሕገ መንግሥትዋ አስገባች፤ በየዓመቱ የሚለመን ነገር አይደለም። ይህን በሕገ መንግሥትዋ ስታስገባ ኮስታ ሪካ ከሀብታሞቹ አገሮች የምትቆጠር አልነበረችም። ስለዚህ «ድሆች ነን» የሚለው ምክንያት አይበቃንም።

እንዲህ ስንከራከር ጠመንጃው መጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ውጊያ ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለስድስት ወር የተባለው ለአራት ወር ደግሞ ተራዘመ። የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው የአንቀጽ 19 ቃል በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የአህያ ቆዳ ያለበሱት ቤት ጅብ የጮኸ ዕለት ይፈርሳል ይባላል። እኔ ጅቡን ብቻ ስንወቅስ እሰማለሁ፤ በጅብ አገር በአህያ ቆዳ ቤት የሠራውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ቤቱን በድንጋይ መሥራት የሚገባን ጸጥታ በነበረ ጊዜ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ጸጥታ በተገኘ በመጀመሪያው ቀን ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደሚያደርገው፣ የክልላችን ፍርድ ቤትም እስከ ታችኛው ወረዳ ድረስ ያለውን በጀት ራሱ አዘጋጅቶ፣ በፕሬዚዳንቱ አፍ በቀጥታ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ፣ ሲፈቀድም ራሱ እንዲያስተዳድር በማያሻማ ቃል ይጻፍ፤ ተጽፎም ከሆነ ይሠራበት። የወረዳ ዳኛ ከተከሳሽ ቤት እንዳይከራይ መኖሪያ ይሠራለት፤ ለዚህ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በቂ ነው። ፍርድ የሚያስፈጽም ፖሊስ ስለዚያ ሥራው መልስ የሚሰጠው ለፍርድ ቤቱ ይሁን። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ «ይህ የትልልቆቹ ነገር ነው» አትበሉ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ስለዚህ ስለ ገንዘቡ የሚመከረው በግንቦትና በሰኔ ነው። በምክር ቤት የሚወክላችሁ ሰው አለ፤ ስሙን የማታውቁት ከሆነ መጀመሪያ እርሱን ጠይቃችሁ እወቁ። ከዚያ «ለፍርድ ቤት ስንት ተመደበ? ማንስ አቀረበው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲያፍር ታዩታላችሁ፤ ወይም እርሱም ሄዶ ይጠይቃል። ችሎት ደግሞ በሕግ ካልተዘጋ በቀር ለሁሉ ክፍት ነው፤ አንድ ቀን ሥራ ፈታችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ። ሰው በተቀመጠበት ችሎት ዳኛውም፣ ጠበቃውም፣ ሹሙም ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ይህን በባልቴቷ ነገር ጊዜ አይቼዋለሁ።

ያ የወሰን ጠብ ያለበት ወጣት ተመልሶ መጣ። ሌሊቱን ሳያስብ ያደረ አይመስልም። ክሱን እኔው ጻፍሁለት፤ ሦስት ገጽ ወጣው፤ እርሱ ስድስት ገጽ ካልሆነ አለኝ። ቀጠሮው ለሰኔ ነው፤ እኔም አብሬው ሄጄ ከኋላ እቀመጣለሁ። ጠመንጃውን ግን ገና አልሸጠውም።